ፊደል የማታውቅ በጎ ፈቃደኛ ለሐዋሳ ሴት ልጆች ንባብ ታስተምር? ጥያቄውና 23 መልሶቹ

መነሻው ጥያቄ

ጠያቂዋ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ የሰፈር ንባብ ቤት ከሚያስተባብሩ ሴቶች አንዷ ናት። ከሰላምታ በኋላ ጉዳዩን ዘረዘረች። ሐምሌ 1 አንዲት በጎ ፈቃደኛ ከውጭ አገር ትመጣለች፤ የምትቆየው 8 ሳምንት ነው፤ አማርኛ አትችልም። የምታርፈው ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጋ ነው። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ 24 ሴት ልጆች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ከክፍል ክፍል የተዛወሩት አንድ ገጽ አንብበው ሳይጨርሱ ነው። የተያዘው ዕቅድ በሳምንት 4 ቀን፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ እንግሊዝኛና ንባብ ማስተማር ነው። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜው ይበቃል ወይ፣ ምን ዕቃ ይዘጋጅ፣ አስተናጋጁ ቤተሰብስ ምን ይወቅ።

መልሶቹን በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። የተደጋገመውን አሳጥሬ፣ ለሥራው የሚበጀውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

1ኛ መልስ

ይህ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ሰዓቱን ያዘ። በክረምት ሐዋሳ ላይ ዝናቡ አዘውትሮ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። የንባብ ቤቱ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ዝናብ ሲጥል አንዲት የ8 ዓመት ልጅ የቻለችውን ያህል ጮክ ብላ ብታነብ እንኳ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አይሰማትም። ያልተሰማ ንባብ ደግሞ አይታረምም። ትምህርቱ ወደ ጠዋት ይዛወር ብሎ፣ ልጆቹ ከግድግዳው ይልቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው እንዲቀመጡ ጨመረበት፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርት እንዳይቋረጥ።

2ኛ መልስ

ጠዋት መሆኑን ትስማማለች፤ ግን ጠዋት ማለት 2 ሰዓት እንዳይሆን አስጠነቀቀች። ሴት ልጅ ቤት ጠርጋ፣ የውሃ ተራ በሆነ ቀን ጀሪካን ሞልታ፣ ታናናሾቿን ቁርስ አብልታ ነው ከቤት የምትወጣው። ከ3:30 እስከ 5:30 ቢሆን ያመቻል አለች። የቀን መቁጠሪያውንም አየችላቸው። ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ የዚያን ቀን ትምህርት አይያዝ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ የሚያስቀድሱት ልጆች ቀትር ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ 5:30 ላይ መለቀቃቸው ይመቻቸዋል። በእረፍት ሰዓት ዳቦ የሚታደል ከሆነ ለጾመኞቹ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰጣቸው፤ እያዩ እንዳይቀመጡ። ይህን የመሰለ ነገር በዕቅድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ልጆቹን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስበው።

3ኛ መልስ

ቃናው እዚህ ላይ ተለወጠ። ጸሐፊው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ለይታ የማታውቅ ሰው ንባብ ታስተምራለች መባሉ አስቆጥቶታል። ልጅቷ «ስ»ን «ል» ብላ ብታነብ ማን ያርማታል? ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ከውጭ የመጣ ሰው ፊት ቆሞ ዘፈን ያዘፍናል፣ ፎቶ ይነሣል፣ 8 ሳምንቱ ያልቃል፤ ልጅቷ መስከረም ላይ እዚያው ገጽ ላይ ትገኛለች። ገንዘቡ ለአንድ የአገር ልጅ መምህር ቢከፈል እንደሚሻል ጽፎ ዘጋው። አነጋገሩ ይጎረብጣል፤ ጥያቄው ግን የክሩ (የዚህ የጽሑፍ ውይይት) ሁሉ ማዕከል ሆነ።

4ኛ መልስ

የታችኛውን ክፍል የሚያስተምር መምህር ነው። ለ3ኛው መልስ ከፊሉን እውነት ሰጥቶ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ እንዳለ በስሌት አሳየ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በክፍሉ 50 ልጅ ቢኖርና መምህሩ አንድም ቃል ባይናገር ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። መምህሩ ስለሚናገርና ስለሚጽፍ ያችም አትደርስም፤ ስለዚህ ልጆቹ በኅብረት ያነባሉ። በኅብረት ንባብ ውስጥ ፊደል የማታውቀው ልጅ ከጎኗ ያለችውን ተከትላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅዋም ይወጣል፤ ማንም አያውቅባትም።

ስለዚህ 8 ሳምንት ይበቃል ወይ ተብሎ መጠየቅ እንደሌለበት፣ መጠየቅ ያለበት እያንዳንዷ ልጅ ብቻዋን ሰው እየሰማት በቀን ስንት ደቂቃ ታነባለች የሚለው እንደሆነ አስረዳ። 24 ልጆችን በ4 ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት አማርኛ አንባቢ ረዳት ቢመደብና ለቡድን ንባብ 50 ደቂቃ ቢያዝ፣ ለአንዷ ልጅ 8 ደቂቃ ይደርሳታል። ረዳቶቹ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ፣ ትምህርት የተዘጋባቸው የሰፈሩ ልጃገረዶች ይሁኑ፤ የባጃጅ ይከፈላቸው፤ በጎ ፈቃደኛዋ ስትሄድ እነሱ ይቀራሉ።

ቡድኑም በክፍል ወይም በዕድሜ እንዳይሆን አሳሰበ። በሕንድ ፕራታም የሚባለው ድርጅት እንዳስፋፋው አሠራር፣ መጀመሪያ ለእያንዳንዷ 5 ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ይሰጣታል፤ ፊደል ተለዋውጦ ሲቀርብላት ትለያለች? ቃል ታነባለች? አንቀጽስ? አጭር ታሪክስ? በቆመችበት ደረጃ ትመደባለች። የ4ኛ ክፍል ልጅ ከ2ኛ ክፍል ልጅ ጋር ፊደል ቡድን ውስጥ ብትገኝ እንዳታፍር ቡድኖቹ በደረጃ ስም አይጠሩ፤ በወፍ ወይም በአበባ ስም ይጠሩ።

5ኛ መልስ

ጸሐፊው አዛውንት ይመስላሉ፤ ክርክራቸው ግን ጠንካራ ነው። 4ኛው መልስ በኅብረት ማንበብን ሲነቅፍ የየኔታን ትምህርት አብሮ የነቀፈ መስሎ ተሰምቷቸዋል። የቀድሞ አስተማሪዎች ፊደል ዜማ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መላውን ያውቁበት ነበር ብለው አስረዱ። ልጁ ከፊደል ገበታው ላይ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካ ነው የሚቆጥረው፤ ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ይታያል። «ሀ ሁ ሂ» ሲያልቅ ደግሞ አቡጊዳ ይመጣል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ረድፉንም ዐምዱንም ስለሚያፋልስ፣ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ስንደዶና አቡጊዳ ወጪ የለባቸውም፤ ንባብ ቤቱ ይጠቀምባቸው አሉ። 4ኛው መላሽ ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ትክክል መሆናቸውን ተቀበለ።

6ኛ መልስ

አቡጊዳውን ደግፋ፣ ልጆች በትክክል የሚሰናከሉበትን ቦታ ጠቆመች። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ወገብ ላይ ትቀጠላለች፤ ሳልስ በቀኝ እግር ሥር ሰረዝ አላት፤ ኃምስ ቀለበት አላት። ልጅ ይህን ሥርዓት ቶሎ ትይዛለች። ሳድስ ግን ሥርዓት የላትም፤ «ል»፣ «ም»፣ «ን»፣ «ር»፣ «ስ»፣ «ት» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መልክ ይለወጣሉ። በጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በብዛት የምትገኘው እሷው ናት። በዚያ ላይ አንዴ አናባቢ ይዛ አንዴ ሳትይዝ ትነበባለች፤ «ምን» ስንል የመጀመሪያዋ «ም» አናባቢ አላት፣ «ላም» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው የላትም። የሳድስ ካርድ ከሌሎቹ እጥፍ ይሁን ብላ መከረች።

ሁለተኛው መሰናክል ፊደላችን ጥብቀትን አለማሳየቱ ነው። «ሰባ» ቁጥር ሲሆን ይላላል፣ ከብቱ ወፈረ ለማለት ሲሆን ይጠብቃል፤ «ዋና» እና «ገና»ም እንደዚሁ ናቸው። ልጅቷ አላልታ ካነበበች ፊደሉን ስታለች ማለት አይደለም። ረዳቷ «ተሳስተሻል» ከማለት ዐረፍተ ነገሩን እንደገና እንድታነብ ታድርጋት፤ ትርጉሙ ራሱ ያስተካክላታል።

7ኛ መልስ

የመጀመሪያ ሳምንት ዝግጅት አቀረበ። 10 ፊደል ይበቃል አለ፤ «ለ ላ ል»፣ «መ ማ ም»፣ «ሰ ሳ»፣ «በ ባ»። በእነዚህ ብቻ ላም፣ በላ፣ ሰማ፣ ማሳ፣ ባል፣ ሳል፣ ሳመ፣ በሰለ፣ ሰላም የሚሉት ቃላት ይነበባሉ። ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቃል ካነበበች በማግሥቱ ትመጣለች፤ 231ዱን ፊደል እስክትጨርስ ቃል ካላየች ግን ትቀራለች።

8ኛ መልስ

ሐሳቡ ጥሩ፣ ምርጫው ግን ስሕተት ነው ብላ ገባች፤ ትንሽም ቆጣ ብላለች። «ለ»፣ «በ» እና «ሰ» መልካቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሦስቱን በአንድ ሳምንት ማምጣት ልጅቷን ሆን ብሎ ማደናገር ነው። በምትኩ 9 ፊደል ሰጠች፤ «ለ ላ»፣ «መ ማ ም»፣ «ተ ታ»፣ «ከ ካ»። ከእነዚህ ላም፣ ማታ፣ መታ፣ ላከ፣ ለካ፣ ተካ፣ ተለካ፣ ከተማ ይወጣሉ። «በ» በ2ኛው ሳምንት፣ «ሰ» በ3ኛው ይግቡ። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ደግሞ የሚለያዩት በአንዲት ምልክት ስለሆነ አንደኛው ሳይረጋ ሁለተኛው አይምጣ። «ሀ ሐ ኀ»፣ «ሰ ሠ»፣ «አ ዐ»፣ «ጸ ፀ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ንባብ ላይ ችግር የለባቸውም፤ ቃለ ጽሕፈት ላይ ግን ልጅ «ሠላም» ብላ ብትጽፍ አይቀነስባት።

7ኛው መላሽ ተመልሶ ስለ መልካቸው ተስማማ፤ ሆኖም «ሰላም» ልጆች ቀድመው ማንበብ የሚወዱት ቃል ስለሆነ ወደ 3ኛ ሳምንት መገፋቱ እንደሚቆጨው አልደበቀም። ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው አልተቋጨም፤ እኔ 8ኛዋን ነው የምደግፈው።

9ኛ መልስ

ጠያቂዋ የዘለለችውን አነሣ። ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚማሩት በምን ቋንቋ ነው? ሐዋሳ ውስጥ በአማርኛ የሚማሩ አሉ፣ በሲዳምኛ የሚማሩም አሉ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት ፊደል «ጥ» ናት፤ «ሲ» የሚሏት ደግሞ «ጭ» ናት። በጎ ፈቃደኛዋ መጥታ ያችኑ ፊደል «ክስ»፣ ያችኛዋን አንዴ «ክ» አንዴ «ስ» ናት ስትላት፣ ገና መለየት የጀመረች የ2ኛ ክፍል ልጅ የያዘችው ሁሉ ይፈርስባታል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች በ8 ሳምንቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ጭራሽ እንዳይጻፍ፣ እንግሊዝኛ ካስፈለገ በጨዋታና በአፍ ብቻ እንዲሆን አጥብቆ ተከራከረ።

10ኛ መልስ

ቋንቋው በባለቤቶቹ አጠራር ሲዳሙ አፎ እንደሚባል በትሕትና አረመች። አጻጻፉ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ፣ የሚጠብቀውንም ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ፣ 6ኛዋ ያነሣችው የጥብቀት ችግር እዚያ የለም። ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ቃሉ ይረዝማል፣ ልጅቷ ፊደሉን አንድ በአንድ ስትቆጥር መጀመሪያው ይጠፋባታል። መፍትሔው ቃሉን በየቀለሙ (አንድ ላይ በሚነገሩ የድምፅ ክፍሎቹ) በቀጭን እርሳስ መክፈል ነው። የአማርኛውን ካርድ ተርጉሞ መስጠት አይጠቅምም፤ በሲዳሙ አፎ የተማረች ረዳት ለብቻዋ ቡድን ትያዝ።

11ኛ መልስ

ጠያቂዋ ተመለሰች። መዝገቡን አይታ ከ24ቱ 19ኙ በአማርኛ፣ 5ቱ በሲዳሙ አፎ እንደሚማሩ ነገረቻቸው። ሰዓቱን ወደ 3:30 እንደቀየረችም አሳወቀች። ከዚያ ግን ያልተመለሰውን ጥያቄ አስቀመጠች፤ የሚያነብቡት ልጆቹ፣ የሚያርሙት ረዳቶቹ ከሆኑ፣ በጎ ፈቃደኛዋ ምን ትሥራ?

12ኛ መልስ

ረጅሙና ከሁሉ ይበልጥ ሥራ ላይ የሚውለው መልስ ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ያለው ትልቁ ሀብት ሙሉ ቀን ነው ብላ ጀመረች፤ ረዳቶቹም አስተባባሪዎቹም ይህ የላቸውም።

የመጀመሪያው ሥራዋ ደቂቃ መጠበቅ ነው። የሁለት ሰዓቱን አከፋፈል እንዲህ አስቀመጠችው። 10 ደቂቃ ፊደል በተለዋወጠ ካርድ፣ 10 ደቂቃ ቃል ማያያዝ፣ 50 ደቂቃ የቡድን ንባብ፣ 20 ደቂቃ እረፍትና ውሃ፣ 15 ደቂቃ ቃለ ጽሕፈት፣ በመጨረሻ 15 ደቂቃ አንዲት ረዳት ተረት ስታነብላቸው ማዳመጥ። በተለምዶ የሚበላው የ50ው ደቂቃ ነው፤ የፊደሉ ጨዋታ ሞቅ ይልና ወደ 25 ይዘልቃል። ሰዓት ይዞ የሚያስቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ፊደል ማወቅ አይጠበቅባትም።

ሁለተኛው ታናናሾቹ ናቸው። ብዙዎቹ ሴት ልጆች ሕፃን አዝለው ወይም አስከትለው ይመጣሉ። አትምጡ ከተባሉ ልጆቹም ይቀራሉ። በክፍሉ ጥግ ሰሌን ተነጥፎ፣ የጠርሙስ ክዳንና የጨርቅ ኳስ ይዛ በ50ው ደቂቃ ሕፃናቱን የምትይዝ ሰው ከተገኘች መቅረት በጣም ይቀንሳል።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ረዳቷ 100 ቃል ያለው ጽሑፍ ስታስነብብ እሷ ስሕተቱን በረዳቷ ምልክት እየቆጠረች ትጻፍ። ከ5 በታች ከሆነ ጽሑፉ ቀላል ነው፣ ከባድ ይምጣ። ከ5 እስከ 10 ከሆነ ልክ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ጽሑፉ ይቀየር፤ ልጅቷ አትወቀስ። አራተኛው ካርድ መሥራት ነው። አንድ የኤ4 ልክ ማኒላ 8 ካርድ ይወጣዋል። ለ9 ፊደልና ለ4 ቡድን 36 ካርድ ያስፈልጋል፤ 5 ቅጠል ይበቃል። የክረምት እርጥበት ስለሚያጣምመው ፊቱም ጀርባውም በስኮች ይሸፈን። ታብሌት ይዛ ልምጣ ካለች በዚያ ገንዘብ ደስጣ ወረቀት፣ ባለ 32 ሉክ ደብተርና ማርከር እዚሁ ትግዛ።

አምስተኛው፣ ራሷ ፊደል ትማር፤ የሚያስተምሯትም ልጆቹ ይሁኑ። ደካማዋ ልጅ ካርድ አንሥታ «ይቺ ማናት?» ብላ ስትጠይቅና ስታርም፣ ያችን ፊደል ከአሥር ድግግሞሽ ይልቅ ትይዛታለች።

13ኛ መልስ

የመጨረሻው ነጥብ ያልተዋጠለት ሰው ነው። የልጆቹ ጊዜ ውድ ነው ተብሎ በደቂቃ ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ እንግዳን ቋንቋ ለማስተማር መዋሉ ትክክል አይደለም ሲል በብርቱ ተቃወመ። ልጆቹ የእንግዳ ቋንቋ ትምህርት ቤት አይደሉም።

14ኛ መልስ

12ኛዋ ናት። ተቃውሞውን አልናቀችም። በእረፍቱ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ የፈለገች ልጅ ብቻ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን፤ የ50ው ደቂቃ አይነካ ብላ ወሰኑን አስቀመጠች። 13ኛው በዚህ ረካ።

15ኛ መልስ

ስለ አስተናጋጁ ቤተሰብ የጻፉት እናት ናቸው፤ ቋንቋቸው ሞቅ ያለ ነው። ክፍሏ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ቁልፉም በእጇ ይሰጣት። አልጋዋ ላይ አጎበር ይሰቀል፤ ሐዋሳ ወባ አለ፤ ትኩሳት ከተሰማት ነገ ይሻለኛል ሳትል በዚያው ቀን ትመርመር። ውሃ ሲጠፋ እንዳትደናገጥ ለእሷ ብቻ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀመጥላት፤ አንዱ ለመታጠቢያ፣ አንዱ ለሽንት ቤት። የምትጠጣው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን።

ሰዓት ሲነገራት በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይሰጣት፤ 3:30 ስትባል ከሰዓት መስሏት ትቀራለች። «ብይ በሞቴ» ማለት ፍቅር እንደሆነ፣ «በቃኝ» ማለትም ነውር እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገራት። ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ በፍልሰታ ወተትና እንቁላል በቤት እንደማይሠራ ትወቅ። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠዋት ሲፈላ አንዱን ጠጥታ ብትነሣ ቅር እንዳይሰኙ እመቤቲቱ ከወዲሁ ይስማሙ። ለምግብና ለመኝታ የሚከፈለው በየሳምንቱ፣ ለእመቤቲቱ በእጃቸው፣ ተጽፎ ይሁን። ከዚያ ውጭ ለልጆቻቸው ስልክ ወይም ወደ ውጭ የመሄድ ተስፋ አትስጥ፤ ከሁሉ ይበልጥ ቤት የሚያቃቅረው ይህ ነው።

16ኛ መልስ

ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አያወጣም ሲል አረመ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ውሃው ሲፈላ ተንኖ ስለሚቀንስ ክምችቱ እንዲያውም ይጨምራል። 8 ሳምንት ለሚቆይ ሰው አያሰጋም፤ ለሕፃናት ጥርስ ግን ጉዳት አለው። ሐይቁ ውስጥ እንዳትዋኝም መከረ፤ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ።

17ኛ መልስ

ከዚያ ተነሥቶ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ሄደ፤ ጥሬው ይሻላል ጥብሱ፣ ዳጣው ምን ያህል ያቃጥላል የሚል። ሌሎችም ተከተሉት። የክሩ ጠባቂ ጨዋታውን ለሌላ ክር ትቶ ወደ ልጆቹ እንዲመለሱ ለመናቸው።

18ኛ መልስ

ተወያዮቹ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቁም ነበር። ጸሐፊዋ ስለ አጎበሩም ስለ ጀሪካኑም የተባለውን ሁሉ አንብባ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጀሪካኑን የሚሞላው ማን ነው? ጠዋት ለእንግዳዋ ውሃ የሚያሞቀው፣ አልጋዋን የሚያነጥፈው፣ ልብሷን የሚያጥበው ማን ነው? በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከተመዘገቡት ልጆች ብዙም የማይርቅ የቤት ሠራተኛ ናት። እንግዳ ሲጨመር ሥራው የሚጨመረው በእሷ ላይ ነው። ማንበብ የማትችል ልጅ በ12 ሰዓት ተነሥታ ውሃ አሙቃ፣ ሴት ልጆችን ንባብ ልታስተምር የምትሄደውን እንግዳ በር ትከፍትላታለች። 17 መልስ ተጽፎ ስለ እሷ አንድም መስመር አለመኖሩ እንዳሳፈራት ጻፈች።

19ኛ መልስ

አንዲት ወይዘሮ ተቆጥተው መለሱ። ሠራተኛቸውን እንደ ልጃቸው የሚያሳድጉ፣ የማታ ትምህርት የሚልኩ ብዙ ናቸው፤ በደግነት ቤቱን ለእንግዳ የከፈተን ቤተሰብ በጅምላ መክሰስ ተገቢ አይደለም አሉ። ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ማሠራት ራሱ ሕግ መጣስ መሆኑንም አልካዱም። ቁጣቸውም ሐዘንም ያለበት ነው።

20ኛ መልስ

ሁለቱንም ሳያስቀይም መንገዱን አሳየ። ነገሩ በክር ላይ ወይም እንግዳዋ ከመጣች በኋላ በገበታ ላይ አይነሣ፤ እመቤቲቱ ሰው ፊት እንዳያፍሩ። አሁን፣ የመኝታው ውል ሲጻፍ፣ የሚያከብሯቸው አንዲት ጎረቤት ሄደው ያነጋግሯቸው። በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ። እንግዳዋ ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ ጀሪካኗን ራሷ ትሞላለች፣ አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች። በቤቱ ሠራተኛ ካለች ከ3:30 እስከ 5:30 ትምህርት ትሄዳለች፤ ደመወዟ አይነካም። ለምሳ የሚጎድለውን ሰዓት ለማካካስ በእነዚያ 4 ቀናት ሽንኩርቱና ወጡ በዋዜማው ማታ ይዘጋጅ፤ እንግዳዋም ታግዝ። ከዚያ መስከረም ላይ በማታ ትምህርት ትመዝገብ፤ ፊደል ይዛ ከገባች አትቋረጥም፤ ሳትይዝ ከገባች ግን ድካሙ ያሸንፋታል። 19ኛዋም 18ኛዋም ይህን ደገፉ።

21ኛ መልስ

በአጭሩ ስለ ደኅንነት ጻፈ። ከአገሯ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ታምጣ። ማንም ጎልማሳ፣ የአገር ልጅም ይሁን የውጭ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን አይቀመጥ፤ የቡድን ንባቡ በር ተከፍቶ ይሁን። የልጆቹ ፎቶ ወላጅ ሳይፈርም አይነሣ፣ ቢፈርምም ስምና ትምህርት ቤት አብሮ አይለጠፍ። የቱሪስት ቪዛ ለማስተማር አይሆንም፤ ተቀባዩ ድርጅት ከኢሚግሬሽን ጋር አስቀድሞ ይጨርስ።

22ኛ መልስ

ጠያቂዋ የመጨረሻውን ዕቅድ ይዛ መጣች። ከ3:30 እስከ 5:30፤ ሐምሌ 19 የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል የለም። ለፊደሉ የ8ኛዋን ቅደም ተከተል ወስዳለች፤ ተረት የሚነበበው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሰላም» በሚል ሰሌዳ ሥር ነው፤ ልጆቹ ባያነብቡትም ያዩታል። ረዳቶቹ አምስት ሆነዋል፤ አንዷ በሲዳሙ አፎ የተማረች ናት። ሰሌን ተገኝቷል፤ ስንደዶውን የአንዷ ረዳት አያት ሊያመጡ ቃል ገብተዋል። ከቤተሰቡ ጋር የተነጋገሩት ጎረቤት ሲመለሱ አንድ ስም ይዘው ስለመጡ መዝገቡ 25 ሆኗል። 20 በአማርኛ፣ 5 በሲዳሙ አፎ፤ 5 ቡድን በ5 ልጅ። በ50 ደቂቃው ለአንዷ 10 ደቂቃ ይደርሳታል። የአማርኛው ቡድን እንደ ታሰበው 4 ስለሆነ ካርዱ 36 ይበቃል፤ የሲዳሙ አፎው ለብቻው ይሠራል።

23ኛ መልስ

8ኛዋ መላሽ ካርዶቹ ከመቆረጣቸው በፊት ደርሳ አንድ ነገር አስታወሰች። ካርድ እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ ልጅ እጅ ላይ ይገለበጣል። «በ» ሲዘቀዘቅ «ሀ» ይመስላል፤ «ሠ» ሲዘቀዘቅ «ሐ» ይመስላል። ልጅቷ በትክክል ያየችውን ብታነብም ረዳቷ ስሕተት ነው ትላታለች። በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ፣ ከስኮቹ በፊት፣ በቀይ ማርከር አንድ መስመር ይሠመር፤ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ልጅቷ ደረት ይዙር።